ባሕር ወሰዱሽ ማለት አሳረፉሽ ማለት አይደለም

 አድሚን ስሜን እንዳትጠቅሺብኝ አደራ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ባጥሐ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ የተቀመጥነው ሴቶች መሃል ክርክር ተነሥቶ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት እየመጣ ስለሆነ ሰዎቻችን ባሕር ሊሄዱ ነው። አንዷ «ጅዳ ሊወስዱኝ ነው» ስትል ሌላዋ «ታድለሽ! እኛ እዚህ አቧራ ስንበላ አንቺ ባሕር ዳር ልትተኚ» አለቻት። እዚህ ገጽ ላይም ባለፈው አንዷ ጽፋ ነበር፣ ባሕር ወስደዋት የምታማርር ሠራተኛ ምስጋና ቢስ ናት ብላ። ብዙዎቻችሁ ልብ ሰጣችኋት፣ አይቻለሁ።

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ለእነሱ የዕረፍት ጉዞ የሆነው ለሸጋላ ከዓመቱ ሁሉ የከበደው ሥራ ነው። በዛ ላይ አደገኛው ነው። እና የሚያርፉበት ቤት ሲመረጥ «ምን አገባኝ» ብለን ዝም ማለታችን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያ ቤት ልጆቹን የምንጠብቅበት ቦታ ስለሆነ ከማንም በላይ የሚያገባን እኛን ነው።

እስቲ አስቡት። ሪያድ ያለው ቤት በር አለው፣ የግቢው በር ይዘጋል፣ የትኛው ልጅ የት እንደሚደበቅ ታውቂዋለሽ። የትኛው መሳቢያ ቢላ እንዳለው፣ የትኛው ደረጃ እንደሚያዳልጥ እጅሽ ያውቀዋል። ሻሌ ስትገቢ ይሄ ሁሉ ይጠፋል። አዲስ ቤት፣ አዲስ ቁልፍ፣ በሩን ከፍተሽ ስትወጪ ደግሞ ውሃ። ከዚያ አክስትየዋ «እኛም መጣን» ትላለች። አራት ልጅ ይዘሽ የወጣሽው በማግስቱ አሥራ አንድ ይሆኑልሻል። የአክስትየዋ ሠራተኛ አብራ ከመጣች ደስ ይበልሽ፤ ካልመጣች የሁሉም እናት አንቺ ነሽ። ሴቶቹ ሌሊቱን እስከ ፈጅር ይጫወታሉ፣ ቀን ይተኛሉ። ልጆቹ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተነሥተው «ባሕር፣ ባሕር» ይላሉ። ሌሊት ሻይና ቡና ስታመላልሺ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ጠዋት ከልጆቹ ጋር የምትወጪውም አንቺ ነሽ። ይሄ ነው እንግዲህ ባሕር ዳር መተኛት።

ቤቱ እንዴት እንደሚመረጥ ደግሞ ሁላችሁም አይታችኋል። ማዳም ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትገፋለች። ፎቶ ታያለች። ባሕሩ ከመስኮት ይታያል ወይ? መጅሊሱ ሰፊ ነው ወይ? ለአንድ ሌሊት ስንት ነው? ገንዳው ሰማያዊ መብራት አለው ወይ? እህቷ ጋ ትልካለች፣ እህቷ «የጀንን!» ብላ ትመልሳለች፣ አለቀ። ገንዳው አጥር አለው ወይ ብላ ስትጠይቅ የሰማችሁ አላችሁ? የሁለት ዓመት ልጅ የሚከፍተው በር ነው ወይ የምትልስ? ሠራተኛዋ የት ትተኛለች የሚለውማ እንኳን ሊጠየቅ አይታሰብም።

የኔን ልንገራችሁ። በፊት በነበርኩበት ቤት ምሥራቅ በኩል፣ ሸጢ ኒስፍ አልቀመር የሚሉት ጋ፣ ሻሌ ተከራዩ። ቤቱ ያምራል፣ አልዋሽም። ገንዳው ከሳሎኑ መስታወት በር አራት እርምጃ ነው። አጥር የለውም። የመስታወቱ በር ደግሞ መቆለፊያው ታች ነው፣ ሕፃን እጅ ጋ። ለኔ ክፍል ስላልነበረ ማዳም ፍራሽ ሰጥታ ኮሪደር ላይ ተኚ አለችኝ። በሦስተኛው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል የሆነ ነገር እግሬን ረገጠኝ። ትንሹ ነው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው። ፍራሼን ተሻግሮ በሩን ከፍቶ ወጣ። ትላንት ውሃው ላይ የተንሳፈፈች ቢጫ ዳክዬ ነበረችው፣ እሷን ሊያመጣ ነው። ጠርዙ ላይ በርከክ ብሎ እጁን ዘርግቶ ሳለ ነው ከኋላ ልብሱን የያዝኩት። አልጮኸም፣ እኔም አልጮህኩም። ወላሂ ጉልበቴ እስከ ቀትር ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። እኔ ኮሪደር ላይ ባልተኛ ኖሮ፣ እንደ ሰው ክፍል ቢሰጠኝ ኖሮ፣ ያ ልጅ ምን ይሆን ነበር? ማዳም ይሄንን ነው ያነሣችው፤ «አየሽ፣ እዚያ መተኛትሽ ጥሩ ሆነ» አለችኝ። እኔ እንደ በር መቆለፊያ ነኝ እንዴ? መቆለፊያ የሌለውን ቤት መርጦ ሰውን በመቆለፊያ ቦታ ማስተኛት ነው ይሄ። በዓመቱም ያንኑ ሻሌ ነው የተከራየችው፣ ፎቶው ስለሚያምር። እኔ ግን በዚያ ዓመት ቤት ቀይሬ ነበር።

እንዴት እንደሚሰምጥ የማታውቁ ካላችሁ ይሄንን በደንብ አንብቡ። ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። ትንሽ ልጅ ሲሰምጥ አይጮህም፣ እጁን አያወራጭም። ፀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አፉ ውሃ ውስጥ ሆኖ በምን ይጩህ? ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ሐፋዛ ልታመጪ ገብተሽ እስክትወጪ ማለት ነው። ለትንሽ ልጅ ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፣ ባልዲም ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ 300,000 ገደማ ሰው በዓለም ላይ ሰምጦ ሞቷል፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው። አውስትራሊያ ቤቱ ውስጥ ገንዳ ያለው ሰው አጥር እንዲያጥር በሕግ ይገደዳል፣ ቁመቱም ቢያንስ 1.2 ሜትር። ሀብታም አገር ነው፣ ልጆቻቸውን መጠበቅ ያቅታቸዋል? አያቅታቸውም። ዓይን ብቻውን እንደማይበቃ ስለገባቸው ነው።

ከባጥሐ በጥቂት ሪያል የምንገዛው ክንድ ላይ የሚነፋ ላስቲክ አለ አይደል፣ ማዳሞቹ «ይሄን አድርጊለት፣ በቃ» የሚሉት። እሱ መጫወቻ ነው። ይተነፍሳል፣ ይወልቃል። እሱን አድርጎለት ዞር ማለት አይቻልም። ላይፍ ጃኬት ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ቢሆን በልኩ ተገዝቶ፣ ማሠሪያው ተጠብቆ፣ አንቺም እጅሽ ከሚደርስበት ሳትርቂ ነው።

እና ደግሞ ጠባቂዋ ማናት? እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ደሴ አጠገብ። ውሃ ዳር ነው ያደግኩት። ግን ወንዶቹ ይዋኛሉ፣ እኛ ሴቶቹ ጀሪካን ሞልተን እንመለሳለን። ሐይቅ ተወልጄ ዋና አልችልም። እናንተም አብዛኞቻችሁ እንደዚያው ናችሁ። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጣች ልጅ ባሕር የት አይታ? ይሄንን ማንም አይጠይቀንም። መክተብ ስንገባ «ምግብ ትችያለሽ? ልጅ ትይዣለሽ?» ይሉናል፣ «ዋና ትችያለሽ?» የሚል የለም። ከዚያ ከነዓባያችን ልጅ ይዘሽ ውሃ ግቢ ይሉሻል። ዓባያ ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ የገባችበት ታውቀዋለች። እግርሽ ላይ ይጠመጠማል። ልጁን ልታወጪ ገብተሽ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ።

ስለ ቦታውም ማወቅ አለብን፣ ባሕር ሁሉ አንድ አይደለም። ሪያድ በረሃ መሃል ናት፣ ለሷ ቅርቡ ባሕር በምሥራቅ በደማምና በኹበር በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኒስፍ አልቀመር እዚያ ነው። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ሩቅ ድረስ በእግር ይኬዳል፣ ማዕበሉም ረጋ ያለ ነው። ለልጅ የተሻለ ነው እላለሁ፣ ችግሩ ሻሌዎቹ ገንዳ ይኑረን ማለታቸው ነው። ባሕር እያለ ገንዳ ምን ያደርጋል? ጅዳ ደግሞ ሩቅ ነው፣ በመኪና 950 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኋላ ወንበር ሦስት ልጅ ጭንሽ ላይ አድርገሽ። አብሑር የሚሉት ሰሜን በኩል ነው፣ ሻሌው የሚበዛበት። ቀይ ባሕር ደግሞ ኮራል አለው። ዳር ላይ ጉልበትሽ ድረስ ብቻ ሆኖ፣ ኮራሉ የሚያልቅበት ስትደርሺ ድንገት ገደል ይሆናል። እሾሃማ ነገርም አለበት፣ ድንጋይ የሚመስል መርዘኛ ዓሣም አለበት፣ ባዶ እግር አይገባም። ስለዚህ ጅዳ ከሆነ አሸዋማ ዳር ያለው፣ ሙንቂዝ የሚቆምበት፣ መዋኛው በገመድ የተከለለ ቦታ ነው መመረጥ ያለበት። ሙቀቱንም አትርሱ፤ ጅዳ ክረምት ላይ ወበቁ ያፍናል፣ ከረፋዱ አራት እስከ ዐሥር ሰዓት ልጅ ይዞ ፀሐይ ላይ መውጣት ልጁንም አንቺንም መግደል ነው።

ባሕር የማይሄዱትም ቢሆኑ ሪያድ ዙሪያ ኢስትራሃ ይከራያሉ አይደል፣ ሐሙስ ማታ ገብተው ቅዳሜ የሚወጡት። እዚያም ያው ገንዳ አለ፣ ያው ችግር ነው። እንዲያውም የባሰ፣ ምክንያቱም «ቅርብ ነው፣ አንድ ሌሊት ነው» ብለው ማንም አያስብበትም።

ሻሌ ይሻላል ወይስ ሆቴል ለሚለው፣ አሁን ያለሁበት ቤት ሁለቱንም አይቻለሁ። ማዳሞች ሻሌ የሚወዱት ለብቻቸው ስለሆነ ነው፣ ሴቶቹ ሳይሸፋፈኑ ስለሚዋኙ። ይገባኛል፣ መብታቸው ነው። ግን ሻሌ ማለት ሦስት ጊዜ ምግብ፣ ሦስት ጊዜ ዕቃ፣ አሸዋ መጥረግ፣ እርጥብ ልብስ ማጠብ ማለት ነው፤ እና ዕቃ እያጠብሽ ልጅ አትጠብቂም። ሁለት ዓይን ነው ያለሽ። የአገልግሎት አፓርታማ ያለው ሆቴል ሲሆን ግን ቁርሱ ታች አለ፣ ክፍሉን የሚያጸዳ ሰው አለ፣ ገንዳው ጠባቂ አለው፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል። ልጁን ብቻ ትይዣለሽ። ፎቅ ላይ ከሆነ ግን በረንዳውን እዩ፤ ወንበር ከበረንዳው ብረት ሥር ካለ ልጅ ይወጣበታል፣ ገና ስትገቡ ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገቡ። እና ሻሌም ሆነ ሆቴል፣ ማስታወቂያው ላይ የሠራተኛ ክፍል ያላቸው አሉ፣ ዐረብኛው «ጉርፈት ዓሚላ» ይላል። አለ! የሚፈልገው ጠፍቶ ነው እንጂ።

«ትንሽ ሰዓት ብትተኚ ምን ትሆኛለሽ፣ ለአምስት ቀን ነው» የምትሉ አላችሁ። ስሙኝ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ውሃ ዳር ልጅ አይጠብቅም። ሕጉም ቢሆን ያውቀዋል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የሚሠራው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አይበልጥም፣ በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አላት ይላል። ባሕር ሲኬድ ደንቡ ይቆማል የሚል አንቀጽ የለውም። የባሕሩን አምስት ቀን «ኢጃዛ ሰጥተንሻል» ብለው የዓርብ ዕረፍቷን የከለከሏትን ልጅ አውቃለሁ። ሥራ ላይ የነበረችበትን ቀን ዕረፍት ብለው ቆጠሩባት። እና እኛ «ታድለሽ» እንላታለን።

አሁን «ማዳምን እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት እስቲ፣ በማግስቱ መክተብ ትመልስሻለች» የምትሉኝን ልመልስ። ፍርሃታችሁ ይገባኛል፣ ዕዳ ያለባት፣ ልጅ አገር ቤት ያላት ልጅ ደፍራ እንደማትናገር አውቃለሁ። ግን አነጋገር አለው። ስለ ራስሽ አትጀምሪ፣ ስለ ልጁ ጀምሪ። ስልኳን ይዛ ስትመርጥ ሻዩን አስቀምጪና «ማማ፣ አልመስበህ ዐሌህ ሲያጅ?» በያት፣ ገንዳው አጥር አለው ወይ ማለት ነው። «ፊ ባብ ዩቅፈል?» የሚቆለፍ በር አለ ወይ። ከዚያ «አና ማ አዕሪፍ አስበህ»፣ እኔ ዋና አልችልም። ይሄንን የመጨረሻውን ከመሄዳችሁ በፊት ሳትናገሩ እንዳትሄዱ! ባባም ባለበት በሉት፣ ሁለቱም ይስሙት። አንድ ነገር ቢሆን ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አጥር የሌለውን ቤት ወደመረጠው አይደለም። «ወይን አናም?» የሚለውን በመጨረሻ አምጪው፣ «ልጁ ሌሊት ሲነሣ እንድሰማው የት ልተኛ?» ብለሽ። ይሄ ልመና አይደለም፣ ሥራሽን ማወቅ ነው። አሁን ያለሁበት ቤት ማማ መጀመሪያ ስጠይቃት ሳቀች። በማግስቱ ግን ባለሻሌውን ደውላ ስትጠይቅ ሰማኋት። አጥር የለውም አላት፣ ተወችው። እናት ነቻ! ያላሰበችው ክፉ ስለሆነች ሳይሆን ሁልጊዜ የሚያስብላት ሰው ስላለ ነው።

የኛንም ሳልናገር አላልፍም። ቲክቶክ ላይቭ ገብታ ልጆቹን ከኋላዋ ውሃ ውስጥ አድርጋ «ሃይ ቤተሰብ፣ ባሕር ነን» የምትል እህት አይቻለሁ፣ አንድ አይደለችም። አንዷን ኮሜንት ላይ «ልጁን እዪ» ብዬ ብጽፍላት «ቅናት» አለችኝ። ቅናት? ስልኩን የያዘው እጅ ልጁን የሚይዘው እጅ ነው። ስለ ክፍል፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ዕረፍት ለመከራከር አፍ የሚኖረን ሥራችንን ስንሠራ ነው። ፎቶ ተነሺ፣ ማን ከለከለሽ፤ ልጆቹ ተኝተው፣ ወይም እናታቸው ይዛቸው።

ደግሞ «ዐረብ ስለሆኑ ነው» የምትሉትን አልቀበልም። እኔ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ላንጋኖ ሄድን፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። የኛው ሰዎች፣ የኛው ቋንቋ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ልጅ ቢሰምጥበት ከላይ አይታይም። ቢልሃርዚያ የለውም ብለው ልጆቹን ለቀቋቸው። ለሹፌሩ አልጋ ተያዘ፣ እኔ መኪና ውስጥ ተኛሁ፣ «እሷ ልጅ ናት፣ ትችለዋለች» ተብዬ። ማን ዐረብ ነበር እዚያ?

ክፉ ቀን ቢመጣ ደግሞ ይሄን ያዙ። ዋና የማትችይ ከሆነ ዘለሽ አትግቢ፤ ገመድ፣ ሻሽሽን፣ ላስቲክ ኳስ፣ ባዶ የተከደነ ጀሪካን ወርውሪለት፣ እየጮህሽ ሰው ጥሪ። ሪያድ፣ ጅዳና ምሥራቁ ላይ 911 ይሠራል፣ አምቡላንስ 997፣ የባሕር ጠባቂዎቹ 994። ስልክሽ ላይ አሁኑኑ መዝግቢው። ከውሃ የወጣን ልጅ በእግሩ ዘቅዝቆ ውሃ ማንጠፍጠፍ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ የማይተነፍስ ከሆነ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው፣ 997 ላይ ያሉት በስልክ ይመሩሻል። የሻሌውን ስምና አድራሻ በር ላይ እንደገባሽ ፎቶ አንሺው፣ «የት ነሽ?» ሲሉሽ የምትመልሺው እንዳይጠፋሽ።

አሁን አንድ ነገር ፈልጌ ነው። ማማ ለሚመጣው ዕረፍት ጅዳ ልትይዝ ነው። ከአብሑር በኩል ያላችሁ እህቶች፣ ገንዳው አጥር ያለው ወይ ጭራሽ ገንዳ የሌለው፣ ዳሩ አሸዋ የሆነ፣ የሠራተኛ ክፍል ያለው ቦታ የሠራችሁበት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እስከ ሐሙስ ነው ገንዘቡን የምትከፍለው።